የቆርቆሮዋ ዲላ

ደግ ሰው ያስፈራኛል። ክፉውን በር ዘግተውም ውሻ ፈትተውም ይመልሱታል፤ ደጉን ግን «ይግቡ» ብለው፣ ወንበር ስበው፣ እጁን በንብረትዎ ላይ እስኪያሳርፍ ድረስ እየመረቁ ይጠብቁታል። አንድ ቀን በደግ ሰዎች ተከበው የሚያውቁ ከሆነ የምለው ይገባዎታል። የማወራው ደግሞ ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ዲላ ውስጥ ደብተርና እስክርቢቶ እየሸጥኩ፣ የሠፈራችን እድር ጸሐፊ ሆኜ ስኖር፣ ከደጎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ።

ጋሽ በራሶ ጎረቤቴ ናቸው። ዱመርሶ ባለ አንድ የቡና ማጠቢያ በመካኒክነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ዝምተኛ ሰው። ባለቤታቸው እትዬ አስቴር በተቃራኒው ገበያ ላይ ሙዝና አቮካዶ እየቸረቸሩ ከግማሽ ከተማው ጋር ሲቀልዱ የኖሩ ሴት ነበሩ፤ አንድ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ አልጋ ከያዙ ግን ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። በእድሩ ደንብ የታመመ ይጠየቃልና አንድ ክረምት ብርቱካን አንጠልጥዬ ሄድኩ። አዎ፣ በሦስተኛው ዓመት። መዘግየቴን ሊነግሩኝ አይቸኩሉ፤ አውቄዋለሁ።

የአጥሩን በር ገፋ ሳደርገው ሌላ ዲላ ተቀበለችኝ። ከዘይት ቆርቆሮ የተቆረጡ ነጋዴዎች በተርታ ተቀምጠዋል። ከፍሊት ጣሳ የተሠራ ትራፊክ ፖሊስ አንድ እጁን ዘርግቷል። ዶሮዎቹ ማንኪያ ናቸው። ከሰርዲን ቆርቆሮ ተቀጣጥሎ የተሠራው የገደብ ከተማ አውቶቡስ በቆርኪ ጎማ ቆሞ፣ ጣራው ላይ እንደ እውነተኛው ከራሱ የሚበልጥ ጭነት ተከምሮበታል። የእድራችን ሊቀመንበር ከአሮጌ ማንቆርቆሪያ ተሠርተዋል፤ ውሃ የሚቀዳበት ቱቦ አፍንጫቸው ነው። እሱን አይቼ ስስቅ ስስቅ፣ ከጎናቸው ራሱ የተበሳ ድስት የሆነ፣ ጆሮው ላይ እስክርቢቶ የሰካ ሰውዬ አየሁ። ሳቄን እዚያው ዋጥኩት።

«ጸሐፊው! ራስህን አገኘኸው?» አሉኝ እትዬ አስቴር በመስኮቱ። አልጋቸው ከመስኮቱ ሥር ነበር።

ጋሽ በራሶ እጃቸውን በሱሪያቸው እየጠረጉ መጡ። «አስቴር ገበያ ናፈቀው» አሉ፣ ሴቱንም «እሱ» በሚያሰኛቸው የጌዴኦኛ ዜማቸው። «ተሸክሜ እንዳልወስደው አቅም የለኝም። እንግዲያስ ገበያው ራሱ ይምጣ አልኩ።»

በየማለዳው ሚስታቸው ሳይነቁ ወጥተው የቆርቆሮውን ሕዝብ ቦታ ይቀያይሩታል አሉ፤ ከተማ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነ ይሰለቻላ! እትዬ አስቴር በመስኮት አንገታቸውን አስግገው «አውቶቡሱ ዛሬም አልሄደም እንዴ?» ይላሉ። ጋሽ በራሶ ቀና ሳይሉ «አልሞላም» ይላሉ። ከአጥሬ ማዶ ይህን ያህል የሚዋደዱ ሰዎች መኖራቸውን አላውቅም ነበር። እውነቱን ልንገርዎትና ቀናሁ።

መስከረም ላይ እትዬ አስቴር ብሶባቸው ሐዋሳ ተወሰዱ። በሳምንቱ «አርፈዋል፤ አስከሬኑ እየመጣ ነው» የሚል ስልክ ተደወለልን። እንግዲህ እድር ማለት ድንኳን ነው፤ ድንኳን ደግሞ ቦታ ይፈልጋል። ግቢው ውስጥ ግን ከተማ ቆሞበታል። ሊቀመንበሩ አንዴ ቃኙና «ሐዘንተኛ ይህን ኮተት እያየ ሊቀመጥ ነው? ጥረጉለት እንጂ!» አሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ተረባረብንበት። ሊቀመንበሩ የገዛ ራሳቸውን በአፍንጫው አንጠልጥለው ለመጥረጊያ ባስመጣነው ጋሪ ላይ ወረወሩት። እሳቸው አላወቁም።

እኔ ግን አውቃለሁ። አውቶቡሱን ልደብቀው ታቅፌ ወደ እንሰቱ ጥግ ጥቂት እርምጃ ሄጄም ነበር። «ጸሐፊ፣ ምን ታቅፈህ ትዞራለህ?» ሲሉኝ አፈርኩ። ሰው ሞቶ ስለ አሻንጉሊት ማን ያወራል? ዝም አይነቅዝም አልኩና ወረወርኩት። ይህን ተረት ያወጣው ሰው ግን የእኔን ዝምታ አላየም፤ የእኔ ነቅዟል። ጋሪው ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ሁሉንም ገደል ደፋው።

መኪናው ሲደርስ ጋሽ በራሶ ወርደው በሩ ላይ ቆሙ። የተጠረገ ግቢ፣ የተወጠረ ድንኳን፣ በመስመር የተደረደረ አግዳሚ ጠበቃቸው። ግቢውን ከጥግ እስከ ጥግ አዩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደከማችሁ» አሉ። ሊቀመንበሩ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

በሦስተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ሲሳሳ፣ ጋሽ በራሶ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«አስቴርን ሠርቼው አላውቅም» አሉ። «በሕይወት እያለ ለምን እሠራዋለሁ? ከሐዋሳ ስንመጣ ሬሳው ጎን ቁጭ ብዬ የት እንደማቆመው ሳስብ ነበር። ሙዝ ሻጮቹ መሀል አልኩ። ፊቱ ወደ መስኮቱ። ከእንግዲህ በመስኮት የማየው እኔ ነኛ።» ባዶውን ግቢ በአገጫቸው አመለከቱ። «አሁን ብቻውን እንዴት ይቆማል? እሱ ያለ ሰው አይሆንለትም።»

በማግስቱ ገደሉ አፋፍ ሄድኩ። ቆራሌዎች ቀድመውኛል፤ የተረፈውን ጎርፍ ወስዶታል። አንድ ማንኪያ ዶሮ እንኳ አላገኘሁም። አውቶቡሱን የወረወርኩት እኔ መሆኔን ነግሬያቸው እንደሆነ ቢጠይቁኝ፣ አልነገርኳቸውም።

በወሩ የእድር ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ ብድግ ብለው በጋሽ በራሶ ሐዘን የታየው ትብብር ለሌሎች ሠፈሮችም ምሳሌ እንደሚሆን አስረዱ። ስለዚህ ከእንግዲህ የማንኛውም ሐዘንተኛ ግቢ አስከሬን ሳይደርስ በአባላት ተጠርጎ እንዲቆይ ደንብ ይውጣ አሉ። ጭብጨባው ቀለጠ። የሚደግፍ እጁን ያውጣ ተባለ። ጋሽ በራሶ ከኋላ ተቀምጠዋል። ወደ ቀኝ አዩ፣ ወደ ግራ አዩ፤ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ እጃቸውን አውጥተዋል። እሳቸውም ቀስ ብለው አወጡ። እኔ በግራ እጄ መዝገቡን ደግፌ ቀኜን አወጣሁ፤ ከዚያ ቁጭ ብዬ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብዬ ጻፍኩ።