የክቡር አዛዡ አንድ መስመር

ኮምፒውተር ያለበት መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አያጣም። በእጅ ቢሠራ ከምሳ በፊት የሚያልቀውን ሥራ፣ “ኮምፒውተሩ ራሱ ይሥራው” ብሎ ሳምንት ሙሉ የሚለፋ ሰው። እኛ ማውስ ይዘን እዚህም እዚያም ስንጫን፣ እሱ ሥዕል በሌለው ጥቁር መስኮት ውስጥ ነጫጭ ትእዛዝ ይጽፋል። ትእዛዞቹን ሰብስቦ በአንድ ፋይል ሲያኖራቸው “ስክሪፕት” ይላቸዋል፤ ስክሪፕት የጻፈ ቀን ምሳ መብላቱን ይረሳል። “እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው የለም” የምትሉ ካላችሁ፣ ምናልባት ሰውየው እናንተው ናችሁ።

የእኛ ማተሚያ ቤት ድርሻ ክቡር አዛዡ ናቸው። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛው ነን፤ ቀኑን ሙሉ ሲያዝዙ ስለሚውሉ ነው። ኮምፒውተሩም ደስ ባለው ቀን ይታዘዛቸዋል። በዕድሜ ከእኔ ያንሳሉ፣ ሹራባቸው ክርኑ ላይ ተበልቷል፣ ጠረጴዛችንም የተያያዘ ነው። ቢሆንም በአንቱታ ካልሆነ ስለ እርሳቸው መጻፍ ይከብደኛል። ምንም ዓይነት ችግር ብታቀርቡላቸው ወንበራቸውን ሳብ፣ ጣታቸውን ቋ ቋ ያደርጉና፣ “ይቺ እኮ አንድ መስመር ናት” ይላሉ።

ጸሐፊያችን አንድ ቀን የአንዲት ፋይል ስም እንዲቀይሩላት ለመነቻቸው። “ለምን አንዲት? ነገ ሌላ ብትመጣስ?” አሉና ተቀመጡ። በማግስቱም አልተነሱም። በመጨረሻ በምድር ላይ ያለን ፋይል ሁሉ ስም መቀየር የሚችል ስክሪፕት ይዘው ከች አሉ። ያቺን የጸሐፊዋን ፋይል ብቻ አልቻላትም። እሷ ግን ራሷ ቀይራ፣ አትማ፣ ለባለጉዳዩ ካስረከበች ቆይታለች። “አንተ፣ አሁንም እዚያው ላይ ነህ እንዴ?” አለቻቸው።

የወረቀቱ ነገር ደግሞ አለ። ሥራ አስኪያጁ፣ “ወረቀት እየባከነ ነው፤ በየክፍሉ የሚለጠፍ ማሳሰቢያ አትምልኝ” አላቸው። ክቡርነታቸው “ወረቀት እንቆጥብ” የሚል ጽሑፍ ለእያንዳንዱ ክፍል በየተራ የሚያትም ስክሪፕት ጻፉ። ማተሙንስ አተመ። ለሁሉም ክፍል አዳርሶ ሲያበቃ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ከዚያም እንደገና። ፕሪንተሩ “ወረቀት እንቆጥብ”፣ “ወረቀት እንቆጥብ” እያለ ወረቀታችንን ሲጨርስ ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ መጣ።

“ይሄ ነገር መቼ ነው የሚቆመው?”

“እሱን አልነገርኩትም” አሉ ክቡርነታቸው በእርጋታ። “ጀምር ብቻ ነው ያልኩት።”

ሥራ አስኪያጁ ሶኬቱን ነቀለ። ማሳሰቢያው ግን እስከ ዛሬ አላለቀም፤ ጀርባው ላይ ረቂቅ እንጽፍበታለን።

ጥቁሩ መስኮት “ፈቃድ የለህም” ሲላቸው ደግሞ ፊታቸው ይበራል። እኛ እንዲህ ብንባል ተናደን እንተወዋለን። እርሳቸው ትእዛዙ ላይ አንዲት ቃል ይጨምሩና በዋና ኃላፊ ሥልጣን ይደግሙታል፤ መስኮቱም ጸጥ ብሎ ይታዘዛል። ይህን አመል እንደያዙ አንድ ዝናባማ ጠዋት መታወቂያቸውን ረስተው በር ላይ ደረሱ። ጥበቃው “መታወቂያ” ሲላቸው፣ “ለዛሬ እንደ ዋና ኃላፊ ቁጠረኝና አስገባኝ” አሉት። ጥበቃችን በጣም ጨዋ ሰው ነው። ጃንጥላ ሰጥቶ ውጭ አቆማቸው።

እንግዲህ እናቴ የወደቀችው በእኒህ ሰው እጅ ነው።

እናቴ እኛን አሳድጋ ድራ ከጨረሰች በኋላ፣ በልጅነቷ ያቋረጠችውን ትምህርት በማታ ቀጥላ ዘንድሮ ተመረቀች። የትምህርት ቤቱን የምረቃ መጽሔት የምናትመው ደግሞ እኛ ነን። ፎቶዋ በመጽሔት ሊወጣ መሆኑን ያልሰማ ጎረቤት የለም፤ መስማት ያልፈለገውም ሰምቷል። ማታ ማታ ከሥራ ስገባ ሰላምታዋ፣ “እህ፣ ደረሰ?” ነበር።

ፎቶዎቹ የመጡልን በየተመራቂው ስምና በአባት ስም ተሰይመው ነው። የቀረው ከእያንዳንዱ ስም ፊት የክፍሉን ምልክት መጨመር ብቻ ነበር። አንድ በአንድ ልጀምር ስል ክቡር አዛዡ እጄን ያዙኝ። “ቁጭ ብለህ ልትለቅም? አታፍርም? ይቺ እኮ አንድ መስመር ናት” አሉ። ጻፉ፣ ተጫኑ። መስኮቱ ምንም አላለም። “ጥሩ ነው፤ እሱ የሚናገረው ሲከፋው ነው” ብለው ወደ ኋላ ተለጠጡ።

ፎልደሩን ስንከፍተው ግን ሰዉ ሳስቷል። ስክሪፕቱ በስምና በአባት ስም መካከል ያለችውን ክፍት ቦታ ሲያይ ስሙ ያለቀ መስሎት፣ ተመራቂውን ሁሉ አባት አልባ አድርጎታል። ይህስ ባልከፋ። ስማቸው አንድ የሆነ ተመራቂዎች ግን እርስ በርስ ተደራርበው፣ ኋላ የመጣችው የፊተኛዋን አጥፍታ ቦታዋን ይዛለች። የእናቴ ስም ደግሞ በእሷም ዘመን በዚህም ዘመን ወላጅ የማይጠግበው ስም ነው። በእሷ ቦታ ጉትቻዋ ትከሻዋን የሚነካ አንዲት ወጣት ቁጭ ብላ ታየናለች።

“ቅጂ አስቀርተሃል አይደል?” አልኳቸው። “ሁልጊዜ ቅጂው ላይ ሥሩ” የሚለውን ምክር በየግድግዳው የለጠፉት እርሳቸው ናቸው። ቀና ብለው የገዛ ማሳሰቢያቸውን አነበቡ። ፎቶ አንሺው ዘንድ ደወልን፤ ፎቶዎቹን ልኮልን ሲያበቃ የካሜራውን ካርድ ለሠርግ ብሎ አጽድቶታል። መጽሔቱ ጠዋት ወደ ማተሚያው ይገባል። ፎቶዋ የጠፋ ተመራቂ ከስሟ በላይ ባዶ ሳጥን ነው የሚወጣላት። እናቴ ያንን ባዶ ሳጥን ለጎረቤት ስታሳይ ታየኝ።

አንቱታውን እዚህ ላይ ልተወው። ከወንበሩ የተነሳው ክቡር አዛዡ ሳይሆን ፊቱ አመድ የመሰለ ጓደኛዬ ነበርና። “ስሙ ከነአባቱ አንድ መሆኑን እንዲያውቅ በጥቅስ ምልክት ማቀፍ ነበረብኝ። የጥቅስ ምልክት ብቻ” አለ። ለዚህም ስክሪፕት ይጽፋል ብዬ ስጠብቅ ኮምፒውተሩን ዘጋው። ከትምህርት ቤቱ ፎቷቸው የጠፋባቸውን ሴቶች ስልክ ተቀበለ፣ ፎቶ አንሺውን እግሩ ላይ ወድቆ ለመነ፣ የምረቃ ካባ ተውሶ በፌስታል ጠቅልሎ በብብቱ ያዘ። ከዚያ በየደጁ ይዞን ዞረ። አንዷን የምትሠራበት መድኃኒት ቤት ውስጥ፣ ሌላዋን ልጇን ለጎረቤት አስይዛ ደረጃ ላይ አነሳናቸው። በደረሰበት ሁሉ “ጥፋቱ የእኔ ነው” ይላል። አንድም ጊዜ በኮምፒውተሩ አላሳበበም።

እናቴን ልብስ ስታጣጥፍ አገኘናት። ነገሩን ስትሰማ የያዘችውን ልብስ አጣጥፋ ጨረሰችና ተነሳች። ካባውን አጥልቃ፣ ነጭ አንሶላ በሰቀልንበት ግድግዳ ፊት ተቀመጠችና ከንፈሯን ግጥም አደረገች። ጓደኛዬ መብራት ይዞ ከፎቶ አንሺው ጎን ቆመ። ሳያስረዳት ሊሄድ ሕሊናው አልፈቀደለትም።

“እማማ፣ በስምዎና በአባትዎ ስም መካከል አንዲት ክፍት ቦታ ነበረች።”

“እና?” አለች እናቴ።

“ኮምፒውተሩ እዚያ ሲደርስ፣ ስሙ አለቀ ብሎ ቆመ።”

“አባቴን እዚያው ጥላችሁት መጣችሁ?”

“አዎ፣ እማማ።” አንገቱን ደፋ። “የእርስዎን አባት ብቻ ግን አይደለም። የሁሉንም አባት ነው የጣልኩት።”

እናቴ አየችው። ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

“የአንተስ አባት ተረፉ?”

“የእኔ እዚያ ፎልደር ውስጥ አልነበሩም” አለ ከልቡ፣ እንደሚያጽናናት ሁሉ።

ያን ጊዜ እናቴ ፈነዳች። ካባው እስኪንሸራተት፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ፎቶ አንሺውም ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነውና ተጫነው።

መጽሔቱ በሰዓቱ ወጣ። ተመራቂው ሁሉ ችሎት ፊት የቀረበ ይመስል ፊቱን ቋጥሯል፤ በመካከላቸው እናቴ ጥርሷ ሁሉ እየታየ ትስቃለች። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ደውሎ፣ “ትንሽ ቁምነገር ያለው ፎቶ አልነበራቸውም?” ብሎ ጠየቀን። ጓደኛዬ ስልኩን ተቀብሎ “የለም” ብሎ ዘጋው። እናቴ መጽሔቱን ተሸክማ ሰፈሩን አዳርሳለች፤ ከፎቶው በፊትም የአባቷን መጣል ነው የምትተርከው።

እኔ የዚያን ሰሞን ቤት ያሉትን ፎቶዎች አውጥቼ አየኋቸው። የሠርጓ አለ፣ የመታወቂያዋ አለ፣ እኛን በቁመታችን ደርድራ የተነሳችው አለ። በአንዱም አትስቅም። እኛ ዘንድ ዕድሜዋን በሙሉ ስትስቅ ነው የኖረችው፤ ይህን የሚያሳይ አንድ ፎቶ ግን እስከዚያ ቀን አልነበረንም። አሁን አለን።

ይህን ሰው እወደዋለሁ። አልነገርኩትም እንጂ። ብነግረው የሰውን እናት ሁሉ የሚያስቅ ስክሪፕት ልጻፍ ብሎ ቁጭ ይላል፤ ስክሪፕቱ ደግሞ እሱ ራሱ በየቤቱ መብራት ይዞ ካልቆመ የሚሠራ ነገር አይደለም።