የደጋፊዬ ኩርፊያ

የደገፈው እጩ የተሸነፈበት ሰው በማግስቱ ምን ዓይነት ፊት ይዞ መውጣት እንዳለበት የሚያስተምር ትምህርት ቤት የለም። ለማሸነፍማ ማን መምህር ይሻል? ተሸናፊ ግን ቢስቅ «አያፍርም» ነው፤ ቢኮሳተር «አኮረፈ» ነው። እኔ በጭሮ ከተማ የስንቱን ወገብ ስለካ የኖርኩ ልብስ ሰፊ፣ ለራሴ የሚሆን ፊት አጣሁ።

ያስጨነቀኝ አህመድ ነው። አህመድ ከሱቄ በር አጠገብ ጫት ይሸጣል። ለዙሁር ሶላት መስጊድ ሲሄድ ጫቱን የምጠብቅለት እኔ ነኝ። አዎ፣ ጴንጤው! ከማይቅም ሰው የተሻለ የጫት ዘበኛ ከየት ይመጣል? እኔም ለረቡዕ ጸሎት ስሄድ የስፌት መኪናዬን ለእሱ ትቼ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ለእኛ ይመስለኛል።

የምርጫው ሰሞን ታዲያ እኔ አንዱን እጩ ደገፍኩ፣ እሱ ሌላውን። ስንከራከር ዋልን፣ ስንከራከር ሰነበትን። አህመድ ሲሞቀው ወደ ኦሮምኛ ይገባል፤ እኔም ተከትዬው እገባለሁ፤ ሲበርድልን በአማርኛ ሻይ እናዛለን።

ውጤቱ ተለጠፈና የእኔ ሰው ተሸነፈ። አሁን አህመድ ቢያሾፍብኝስ? እሱ በማግስቱ ይረሳው ይሆናል፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ነውና እኔ ግን አልረሳውም። ስለዚህ ቀድሜ ጨዋ ለመሆን ወሰንኩ። ደንበኞች ልብስ በሚሞክሩበት መስታወት ፊት ቆሜ «እንኳን ደስ አለህ» ማለትን ተለማመድኩ። የመጀመሪያው ሙከራ ከለቅሶ ቤት የመጣ ይመስል ነበር፤ ቆይቶ ተስተካከለ።

አህመድ አንገቱን ደፍቶ መጣ። እጄን እንደ አምባሳደር ዘርግቼ፣ የእሱ ሰው ስላሸነፈ እንኳን ደስ አለህ አልኩት። ትክ ብሎ አየኝና ታሾፍብኛለህ እንዴ አለኝ። ከልቤ መሆኑን ብምልለት ጭራሽ ተቆጣ። በመጨረሻ ወላሂ ብሎ ነገሩን አወጣው፦ ድምፁን የሰጠው ለእኔ ሰው ኖሯል። ክርክሬ አሳምኖታል፤ መረታቱን እንዳላውቅበት ብቻ እስከ መጨረሻው ቀን ሲሞግተኝ ከረመ።

ግራ ገባኝ። ልደሰት? አንድ ሰው አሳምኛለሁ። ልዘን? ያሳመንኩት ሰው ከነእኔ ተሸንፏል። «እንኳን ደስ አለህ» ያልኩበትን እጄን ሳላጥፍ «አይዞህ» አልኩት። ይሄ ደግሞ ባሰ። በራሱ ሐሳብ ቢጸና ኖሮ ዛሬ አሸናፊ እንደነበር፣ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ምክር ሳይሰማ በክብር ኖሮ የእኔን የሰማ ቀን እንደተዋረደ ነገረኝ። እውነቱን ነው።

ዙሁር ሲደርስ እንደ ልማዴ በርጩማዬን ወደ ጫቱ አስጠጋሁ። አህመድ ግን ጫቱን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ተሸከመና ከመንገዱ ማዶ ላለው ፀጉር አስተካካይ አስረከበ። ፀጉር አስተካካዩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያሸነፈውን ሰው ሲደግፍ የኖረ ነው። በርጩማዬ ላይ ብቻዬን ቀረሁ።

ይኸው እስካሁን ከሰላምታ አላለፍንም። ተቃዋሚዬ መስሎኝ ሳለ አንድም ቀን ያልተቀየመኝ ሰው፣ ደጋፊዬ ሆኖ አኮረፈኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ጠላትን ስለ መውደድ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ። ከደጋፊ ጋር እንዴት እንደሚኖር የሰበከ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።