ደጋ ላይ የቆመች ጀልባ ታፈሳለች?

በየቤተሰቡ አንድ «እስቲ እሱ ይየው» የሚባል ሰው አለ። ያገለገለ መኪና ሊገዛ ሲሆን፣ የጓሮ መሬት ሊሸጥ ሲሆን፣ ፍሪጅ ከሰው እጅ ሲወሰድ፣ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ፣ ቀብዱ ሊሰጥ ሲል ይጠራል። የሚጠራው ስለ ዕቃው የሚያውቀው ነገር ስላለ አይደለም። ጠንቃቃ ነው ስለሚባል ነው። ጠንቃቃ ማለት፣ እናንተም ሳታውቁት አትቀሩም፣ ዘመድ «ፈሪ» ላለማለት የሚጠቀምበት የጨዋ ቃል ነው። ይህ ሰው ዕቃውን ዞሮ ዞሮ ያያል፤ ያንኳኳል፤ ጎንበስ ብሎ ከስሩ ይመለከታል፤ በመጨረሻ የሚናገረው ይጠፋዋል። ዕቃው ደህና ሆኖ ከከረመ ገዢው ዕድለኛ ነው ይባላል። ከተበላሸ ግን «እሱ አይቶት ነበር እኮ» ይባላል። ሥራው ደመወዝ የለውም። ጡረታም የለውም።

በእኛ ቤተሰብ ያ ሰው እኔ ነኝ። ላም አይቻለሁ፣ ጄኔሬተር አይቻለሁ፤ አንድ ጊዜ ዳምቦያ ድረስ ተልኬ የአክስቴን ልጅ ለጋብቻ የጠየቀ ሰውም አይቻለሁ። ደህና ሰው ነው ብዬ መጣሁ። እስከ ዛሬም ደህና ነው። እኔ ግን በየበዓሉ ስንገናኝ አሁንም ትንሽ አየዋለሁ። እንዲህ ያለው ጠባይ ምን ያህል እንደሚያደክም የሚያውቀው የያዘው ሰው ብቻ ነው። ሰዎች ውሳኔያቸውን አምጥተው ትከሻችሁ ላይ ይጥሉና፣ እነሱ እጃቸውን አወናጭፈው ይሄዳሉ።

ታላቅ ወንድሜ ማርቆስ ባለፈው ክረምት፣ ትምህርት ሳይዘጋ፣ ደውሎ «ቲቸር፣ አንድ የምታይልኝ ነገር አለ» ሲለኝ፣ እንግዲህ፣ ድካሙ ከስልኩ ውስጥ ነው የጀመረኝ። ጃጁራ ፊዚክስ ስለማስተምር ወንድሜም፣ ሚስቱም፣ ባለሱቁም የሚጠሩኝ ቲቸር እያሉ ነው። ለቅዳሜና እሁድ ሆሳዕና እመለሳለሁ። ማርቆስ እዚያው ሆሳዕና ባጃጅ ይነዳል። ይነዳል ከማለት ይልቅ ይሰለፋል ማለት ይሻላል፤ ምክንያቱም ከሥራ ሰዓቱ የሚበዛው ቤንዚን ማደያ በር ላይ ባጃጁን በእጁ እየገፋ ነው የሚያልፈው።

«ምን ልይልህ?» አልኩት።

«ጀልባ።»

ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ያላትን ከፍታ ተማሪዎቼን አስጠንቼ አውቃለሁና ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት።

«ባለ ሸራ ናት» አለ ማርቆስ። «በነፋስ ነው የምትሄደው። ቤንዚን አትጠጣም። ይገባሃል? ነፋስ ሰልፍ የለውም።»

ሐሳቡ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የዕብድ አልነበረም። ከእኛ በታች በጊቤ ቆላ ግድቡ ተሠርቶ ውሃው ከተኛ ወዲህ፣ በዚህ ዳር ያለ ገበሬ በዚያ ዳር ያለ ገበያ እያየ መድረስ የማይችልበት ቦታ አለ። ማርቆስ ጀልባዋን እዚያ አውርዶ ሰውና እህል ሊያሻግር ነው። ጎማ የሌላት ባጃጅ አድርጎ ነው ያሰባት። አንድ ችግር ብቻ ነበር፤ ሚስቱ አስቴር። አስቴር «ውሃ ላይ ፍሬን የለም» ብላ ስትቃወም ከርማ፣ በመጨረሻ አንድ ነገር ላይ ተስማሙ፤ ቲቸር አይቶ አታፈስም ካለ ይገዛል፤ ታፈሳለች ካለ ባጃጁን ይዞ ይቀጥላል። የሁለት ልጆች አባት ውሃ ላይ መውጣት አለመውጣቱ፣ እናንተዬ፣ በእኔ አንድ ቃል ላይ ተንጠለጠለ። እኔ ደግሞ ሰሌዳ ላይ ከሳልኳት በቀር ጀልባ በአካል አይቼ አላውቅም።

ጀልባዋ ያለችው በጋሽ ሸምሱ ግቢ ነው። ጋሽ ሸምሱ ፍራሽ፣ ምንጣፍና የውሃ ሮቶ የሚነግዱ፣ ሆሳዕና ተወልደው ያደጉ የጉራጌ ሽማግሌ ናቸው። አንድ የሐይቅ ዳር ሎጅ ሲዘጋ ዕቃው በጨረታ ወጣ፤ እሳቸው ለአልጋና ለፍራሽ ሄደው አሸነፉ፤ ሲጭኑ ጀልባዋም አብራ ተጫነች። «አልፈልጋትም ብዬ ነበር» ይላሉ። «በጅምላ ነው አሉኝ።» ከዚያ ወዲህ ከሱቁ ጀርባ በባሕር ዛፍ ግንድ ተደግፋ ቆማለች። የሸራዋ ምሰሶ ከሠፈሩ ሁሉ ከፍ ስለሚል ጋሽ ሸምሱ ዲሽ ሰቅለውበታል። ዲሹ፣ ይመስገነው፣ በደንብ ይስባል።

አርብ ከሰዓት ከጃጁራ እንደገባሁ፣ ከመሄዴ በፊት ስልኬ ላይ አነበብኩ። ያገለገለ ባለ ሸራ ጀልባ ስትገዛ፣ ይላሉ የሚያውቁት፣ አካሏን በትንሽ መዶሻ እያንኳኳህ አድምጥ፤ ጤነኛው ጠጠር ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ውሃ የጠጣው የታፈነ ድምፅ። በየመስኮቱ ስርና በየብሎኑ ዙሪያ እድፍ ፈልግ። ውስጥ ግባና አሽትት። እኔም እንደተባለው አደረግኩ። አንኳኳሁ፤ ግን በሁለቱም ጎን ፍራሽ ተደግፎባት ስለነበር ሁሉም ቦታ የታፈነ ድምፅ ሰጠኝ። ፍራሹን አስነስቼ እንደገና አንኳኳሁ። ወደ ውስጥ ገባሁና አሸተትኩ። ሻጋታ ይሸታል ተብሎ ተጽፎ ሳለ የኔዋ የልብስ ሳሙና ሸተተችኝ። ይህን የሚያብራራ ነገር በስልኬ አላገኘሁም።

የጓዳዋ መዝጊያ ከሎጁ ሳይመጣ ቀርቷል። በዚያ ክፍት በኩል ዝናብ ገብቶ ሆዷ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚት ውሃ ቆሟል። ግድግዳዋ ላይ ደግሞ ከዚያ ከፍ ብሎ ሌላ የውሃ መስመር ይታያል። አንድ ጊዜ እስከዚያ ሞልቶ ነበር ማለት ነው። ታዲያ የት ሄደ?

ጋሽ ሸምሱ «ስማ ልጄ» አሉኝ። «የክረምት ዝናብ ይዛ የቆመች ጀልባ ውሃ ታሳልፋለች? ያልወጣው ውሃ በየት ይገባል?»

የፊዚክስ አስተማሪ ይህን ሊቃወም አይችልም። ይሁንና ከኋላ አጥር ላይ አንዲት ሴት አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። እትዬ አበበች ይባላሉ፤ የጀርባ ጎረቤት ናቸው። ጋሽ ሸምሱ ወደ ሱቅ እስኪመለሱ ጠብቀው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና፣

«ይቺን ልትገዙ ነው እንዴ?» አሉኝ።

«ወንድሜ ነው እትዬ። እኔ ላይለት ነው።»

«ምኗን ታያለህ። ወንፊት እኮ ናት። ክረምቱን ሙሉ ስታንጠባጥብ ነው የምትከርመው። እኔ ጎረቤት ነኝ፤ ክፉ አልመክርህም።»

ሁለት የተከበሩ ሰዎች፣ ሁለት ተቃራኒ ምስክርነት። እንደኔ ያለ ሰው ከዚህ በላይ የሚጠላው ነገር የለም። ስለዚህ ሰውን ትቼ ውሃውን ልጠይቅ ወሰንኩ። በማርከር የውሃው ጠርዝ ላይ ቀጭን መስመር አሠመርኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ቅዳሜ ስመለስ ውሃው ከመስመሩ አራት ጣት ያህል ወርዷል።

ለማርቆስ ነገርኩት። የባጃጁን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ፣ አየው፣ መልሶ ከተተው። አስቴር ግን ፊቷ በራ። ምሳ ብላ አለችኝ፤ ለከበረ እንግዳ ብቻ የምትሠራውን የቡላ ገንፎ፣ አተካና፣ በቅቤ አርሳ አቀረበችልኝ። «አንተ መቼም አትሳሳትም» እያለች እየደጋገመች ጨመረችልኝ። እየበላሁ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ጀልባዋ ታፍስ እሺ፤ ያፈሰሰችው ውሃ የት ደረሰ? ከስሯ ያለውን መሬት በመዳፌ ዳስሼ ነበር፤ ደረቅ አፈር ነው። ተንኖ ይሆን? እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስብከቱን ሳልሰማ የትነት ስሌት ስሠራ ነበር። በሆሳዕና ክረምት፣ ፀሐይ በማይታይበት ሰማይ ስር፣ አራት ጣት ውሃ አይተንም። ልብስ እንኳን አይደርቅም።

ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ሄጄ አዲስ መስመር አሠመርኩ። ሰኞ ወደ ጃጁራ ከመሳፈሬ በፊት፣ ሠፈሩ ሳይነቃ ግቢው ደረስኩ። ከጀልባዋ ውስጥ ድምፅ ይሰማል። መሰላሉን ወጥቼ ወደ ጓዳዋ ስመለከት፣ እትዬ አበበች ቀሚሳቸውን ሰብስበው ተቀምጠው፣ በጆግ እየቀዱ ቢጫ ጀሪካን ይሞላሉ። አጥሩ ላይ ሁለት ጣውላ ተነስቷል። ከጣውላው ወዲያ ሌሎች ሁለት ሴቶች ጀሪካን ይዘው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

«እትዬ አበበች» አልኩ። «ወንፊት ናት አላሉኝም?»

እሳቸው ጆጉን አላቆሙም። «ስማ እንግዲህ» አሉ። «ቧንቧው መቼ እንደሚመጣ ታውቃለህ? እኔም አላውቅም። የመጣ ቀን ደግሞ እኔ የለሁም። ይቺ ግን ዘወትር አለች። አንጠጣውም፤ ለልብስና ለወለል ነው። ወንድምህ ቆላ አውርዶ ውሃ ላይ ሊያስቀምጣት ነው አሉ። ውሃ ላይ ውሃ ምን ያደርጋል? ውሃ የሌለው ማን ሆነና።»

«ታዲያ ለምን ዋሹኝ?»

«አንተ ፊትህ ሁሉን የሚያምን ነዋ» አሉኝ በርኅራኄ። «በል ይቺን ተቀበለኝ፣ ትከብደኛለች።»

ጀሪካኑን ተቀብዬ ማውረዴን አልክድም። ያን ጊዜ ግን ነገሩ ሁሉ ገባኝ፤ ሳሙናውም ጭምር፤ ዝናብ በያዛቸው ቀን ጓዳዋ ውስጥ ቁጭ ብለው የሚያጥቡም ነበሩ። ሠፈሩ በሙሉ እየቀዳ ሲያጎድላት፣ ዝናብ እየመጣ ሲሞላት የከረመች ጀልባ፣ ከዚህ የበለጠ በምን ትፈተን?

በሱቁ በኩል ስወጣ ጋሽ ሸምሱ በር ሲከፍቱ አገኘኋቸው። «ውሃው የጎደለበትን ምክንያት አገኘሁት» አልኳቸው።

መቆለፊያውን እንደያዙ ቆሙ። «አትንገረኝ» አሉ።

«አይፈልጉም?»

«እኔ ካወቅሁ እነሱ ማወቄን ያውቃሉ። ነገ በአጥሩ ላይ እንዴት ሰላም ይሉኛል? ጣውላውን ማን ያነሳው ይመስልሃል?» አሉና ቁልፉን አዞሩ። ማርቆስ አልገዛም ብሏቸው ሽያጩ ሊቀርባቸው ሲል እንኳ ምስጢሩን መጠበቃቸው ያኔ ነው የገባኝ።

አሁን የቀረው አስቴር ናት። ወደ ቤቷ ስሄድ መንገዱ ረዘመብኝ። ታፈሳለች ያልኩትን እንዳለ ብተወው ማንም አይጠይቀኝም። ወንድሜ በደረቅ መሬት፣ በሰልፉ ላይ፣ በሕይወት ይኖራል። እውነቱን ብናገር ደግሞ ዋና የማይችል ሰው በእኔ ቃል ውሃ ላይ ይወጣል። ሰላሳ ዓመት ሳይሞላኝ እንዲህ የደከመኝ በዚህ በዚህ ነው። ግን መስመሩን ያሠመርኩት እኔ ነኝ። የማሠምረው መስመር የሚለውን ካልተናገርኩ፣ ምን ብዬ ነው ልጆች የማስተምረው?

አስቴር ጓሮ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር።

«ተሳስቻለሁ» አልኳት። «አታፈስም።»

እጇ ቆመ። ሳታየኝ፣ «አንተ እንድታየው ያልኩት እኮ እኔ ነኝ» አለች። «እሱ ጓደኛውን ሊወስድ ነበር። እኔ ነኝ ቲቸር ይየው ያልኩት።»

«ለምን?»

«አንተ ለምንም ነገር ደህና ነው ብለህ ስለማታውቅ ነዋ። ፍሪጁን እንኳን አራት ወር አይተኸው እምቢ አልክ። ጀልባ ደህና ናት ትላለህ ብዬ በምን ላስብ?»

የወደቀ የጎመን ቅጠል አንስቼ ሰጠኋት። አየችኝ። ለማልቀስም ለመሳቅም ያልወሰነ ፊት ነበር።

«እርግጠኛ ነህ?»

«አታፈስም።»

«እንግዲያው የመጀመሪያ ቀን አብረኸው ትገባለህ።»

«አስቴር፣ እኔ ዋና አልችልም።»

«እሱም አይችልም» አለችና ወደ ጎመኗ ተመለሰች።

ማርቆስ ገዛት። ዲሹ ወረደ። የጫኗት ቀን የእትዬ አበበች ሠፈር ሴቶች በአጥሩ ላይ ቆመው፣ ዘመድ እንደሚሸኝ ሰው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አይተዋታል። ጋሽ ሸምሱ በማግስቱ አንድ ትልቅ ሮቶ ከሱቃቸው አውጥተው፣ ጀልባዋ በቆመችበት ቦታ አሸንዳው ስር አኖሩ። ለምን እንደሆነ አልተናገሩም፤ የጠየቃቸውም የለም።

ቆላ ስንደርስ የመንደሩ ጎረምሶች በግንድ ላይ እያንከባለሉ ወደ ውሃው ገፏት። ማርቆስ ምሰሶውን ይዞ ቆመ። እኔ ሁለት ባዶ ጀሪካን ወገቤ ላይ አስሬ ገባሁና ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ማርቆስ ሲያየኝ ሊስቅ ፈልጎ ነበር፤ ምሰሶውን ግን በሁለት እጁ አቅፎታል። ሸራው ተፈታ፣ ተንጠለጠለ። ነፋስ አልነበረም። ጀልባዋ ግን ከዳር ለቀቀች፤ ዝም ብላ፣ ማንንም ሳታማክር፣ ተንሳፈፈች። ሰሌዳ ላይ ቀስት እያደረግሁ የማስረዳው ኃይል ከመቀመጫዬ ስር ሲያነሳኝ ተሰማኝ። ከሳልኩት ሁሉ ይለያል።

አስቴር ልጆቿን ይዛ ዳር ላይ ቆማለች። እጆቿን አፏ ዙሪያ አድርጋ፣

«ቲቸር፣ አፈሰች?» ብላ ተጣራች።

ወለሉን በመዳፌ ዳሰስኩ። ከብሎኖቹ ዙሪያ፣ ከጥጋጥጉ፣ ከተቀመጥኩበት ስር። ደረቅ ነው። መዳፌን ሱሪዬ ላይ ጠረግሁና፣ ላለመሳሳት፣ እንደገና ዳሰስኩ። አሁንም ደረቅ ነው።

«ገና» አልኳት።

አታፈስም ስላት ያላመነችኝ ሴት ይህን አመነች መሰለኝ፤ ልጆቿን ጎኗ ሰብስባ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።