ልጄን ለኮሚቴ ያሳየሁበት ቀን

እኛ አገር ሰው ሁሉ ደህና ነው። ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት የመጣው፣ ሁለት ጋቢ ደርቦ የሚንቀጠቀጠውም ደህና ነው። እንግዳ በራችሁን አንኳኩቶ ይገባና «እንደምን ከረማችሁ?» ይላችኋል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን» ትላላችሁ። «ልጆቹሳ?» ደህና። «ከብቱሳ?» ደህና። «አዝመራውሳ?» እሱም ደህና። ይህ ሁሉ ተጠያይቆ ካለቀ በኋላ እንግዳው ይቀመጣል፣ የቀረበለትን ይቀምሳል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ከዚያ «እኔ እንኳ የመጣሁት በሬዬ ገደል ገብቶብኝ ነው» ይላል። ደህናው ሰውዬ!

ይህን ውሸት ነው የሚል ካለ አገራችንን አያውቅም። ደጃፍ ላይ ቆሞ ችግርን መዘርገፍ ነውር ነው፤ ምስጋናው ይቀድማል፣ ችግሩ ወንበር ካገኘ በኋላ ቀስ ብሎ ይመጣል። እኔም በዚሁ ሥርዓት ያደግሁ ነኝና ልማዱን በጣም እወደው ነበር። «ነበር» ማለቴን ያዙልኝ።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ለሰው ልጆች ዓባይ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ሳስረዳ እውልና ቤቴ ስገባ፣ የራሴ ልጅ የድስት ክዳን ወለሉ ላይ እያሾረች፣ ስሟን ሃያ ጊዜ ብጠራ ቀና አትልም። ትርንጎ ትባላለች፤ በእናቴ ስም ነው የጠራናት። ሦስት ዓመት እስኪሞላት አንድ ቃል ከአፏ አልወጣም። ገበያ መሃል ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ትጮሃለች፤ በር ክፍት ካገኘች ደግሞ ወደ መኪና መንገድ ትሮጣለች፤ መኪና ይምጣ ጋሪ ይምጣ ደንታ የላትም።

ጎረቤቱ ሁሉ አስተያየት ነበረው። አንዷ «አይዟችሁ፣ ስትጀምር ማን ያስቆማታል!» አለችን። ሌላው አቅብጣችኋት ነው አለ። ሦስተኛው ምንም ሳይል ከንፈሩን መጠጠ፤ ከሁሉም የከፋብኝ እሱ ነው። ጠበልም ወስደናታል። የባለቤቴ የእናትነሽ አባት ደብረ ኤልያስ የሚኖሩ መሪጌታ ናቸው፤ ራሳቸው ይዘዋት ሄደው ሁለት ሱባኤ ካስጠመቋት በኋላ «ልጆቼ፣ ጸሎቱን እኔ እቀጥላለሁ፤ እናንተ ደግሞ ሐኪም ፈልጉላት» ብለው መለሱልን። እንዲህ ያሉ ሽማግሌ ናቸው።

አዲስ አበባ ወሰድናት። ከደጀን ቁልቁል እስከ ዓባይ ድልድይ፣ ከዚያም ሽቅብ ስትጮህ፣ የአውቶቡሱ ተሳፋሪ በሙሉ አንድ ላይ ጸለየ፤ ለእሷ ይሁን ለጆሮው አላውቅም። ሐኪሟ ደጋግማ ካየቻት በኋላ «ኦቲዝም ነው» አለችን።

«መድኃኒቱስ?» አልኩ።

«የሚዋጥ የለውም። ማስተማር ነው፤ በዚህ ሥራ በሠለጠነ ሰው፣ በየቀኑ፣ በትዕግሥት።»

እመኑኝ፣ ደስ አለኝ። ማስተማር! የኔው እንጀራ አይደል እንዴ? ሞኝነቴ የገባኝ ዋጋውን ስሰማ ነው።

እግዚአብሔር ሲረዳን፣ አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያሉ ልጆችን ስታስተምር የቆየች ሰናይት የምትባል ልጅ ባሏን ተከትላ ደብረ ማርቆስ መጣች። በተከራየችው ቤት ሳሎን አራት ልጆች ትቀበላለች። የመንግሥት ሠራተኛ አይደለችም፤ የምትኖረው ከወላጅ ኪስ በሚወጣ ገንዘብ ነው። የመጀመሪያው ቃል ሰባት ወር ፈጀ። ሰናይት ውሃ የያዘ ብርጭቆ በትርንጎ አፍ ትክክል ታነሣና «ውሃ» ትላለች፤ ከዚያ ትጠብቃለች። ትርንጎ ትጮሃለች፣ ትቧጭራለች፣ መሬት ላይ ትንከባለላለች፤ ሰናይት ትጠብቃለች። ይህንን ጥበቃ ነው በሰዓት የምንከፍለው። አንድ ማክሰኞ ትርንጎ «ው» አለች። በሁለተኛው ሳምንት «ውሃ» ሆነ። እናትነሽ ያን ዕለት መንገድ ላይ እልል አለች፤ አላፊ አግዳሚው ሠርግ መስሎት ቆሞ አየን። ውሎ አድሮ ሦስት ቃል ኖረን፦ ውሃ፣ እማ፣ በቃ። በሦስት ቃል ይኩራራል ብላችሁ ትስቁብኝ ይሆናል። ሳቁ፤ እኛ ቤት ግን ሀብት ነበር።

ለእነዚህ ሦስት ቃላት መጀመሪያ የእናትነሽ የስፌት መኪና ሄደ። ቀጥሎ አባቴ ጉንደ ወይን አጠገብ ያወረሰኝ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ተሸጠ። ከዚያ የአንገት ሐብሏ ተከተለ። እኔም ከሥራ መልስ የደህና ነጋዴ ልጆችን ቤታቸው እየሄድኩ ማስጠናት ጀመርኩ፤ የሰው ልጅ እያስጠናሁ የራሴን ልጅ ቃል እገዛለሁ ማለት ነው።

ታዲያ የመንግሥት ድጋፍ የለም ወይ ትሉኛላችሁ። አለ እንጂ! ያውም ተመዝግቤአለሁ። ልዩ ድጋፍ ለሚሹ ልጆች የማስተማሪያ ወጪ የሚሸፍን በጀት ይመጣል ተብሎ አንድ ጽሕፈት ቤት የልጄን ስም ካሰፈርኩ ሦስት ሐምሌ አለፈ። በሄድኩ ቁጥር መዝገብ ቤት የምትሠራው ልጅ ፋይሉን ታወጣለች፣ አቧራውን እፍ ትላለች፣ የትርንጎን ስም በጣቷ ታሳየኛለች። «ይኸው መምህር፣ ስሟ አለ። በጀቱ ነው የሌለ።» ፋይሉን አይቼ እመለሳለሁ፤ የታመመ ዘመድ ጠይቆ እንደ መመለስ ሆነብኝ።

በአራተኛው ዓመት፣ ጥቅምት ላይ ተጠራሁ። በጀቱ መጥቷል፤ ግን ለተመዘገበው ሁሉ አይዳረስም፤ ስለዚህ ኮሚቴ ቤት ለቤት እየዞረ ልጆቹን አይቶ የባሰባቸውን ይመርጣል። እኛ ቤት የሚመጣው ሐሙስ ነው። እኛ በዚያን ጊዜ የሚሸጥ ነገር ፈልገን የምናጣበት ደረጃ ላይ ደርሰን ነበርና፣ ድጋፉ ከተገኘ ትርንጎ ትቀጥላለች፣ ካልተገኘ ታቆማለች። ነገሩ ይኸው ነው።

ሰናይት አስቀድማ አስጠነቀቀችን። «ጋሼ፣ እባክዎ ሐሙስን እንደማንኛውም ቀን አድርጉት» አለችኝ። «ቤቱን አታሰናዱት፤ ልጅቷም እንደምትውለው ትዋል፤ እነሱም ይዩ። ለእንግዳ የምናደርገውን ነገር ለዚያች አንድ ቀን ተዉት።» እናትነሽ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። እኔም ነቀነቅሁ። የምናገረውን ሁሉ ለክፍል እንደምዘጋጀው በወረቀት ጻፍኩ፦ እንደምትጮህ፣ እንቅልፍ እንደሌላት፣ እናቷ ልብስ ስታጥብ ወደ መንገድ እንዳትሮጥ በመቀነቷ ከአልጋው እግር ጋር እንደምታስራት። የመጨረሻዋን ልጽፍ ስል እጄ እምቢ ብሎኝ ነበር፤ ቢሆንም ጻፍኳት።

ሐሙስ ጠዋት ስነሣ ወለሉ ታጥቧል። መጋረጃው ንጹሕ ሆኖ ተሰቅሏል። ትርንጎ ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፤ ሲነካባት ሰፈር የምትቀሰቅስበት ፀጉሯ ተሠርቶ ቅባት ጠጥቷል። መቀነቱ ከአልጋው እግር ተፈትቶ ፍራሽ ሥር ገብቷል።

«ምነው እናትነሽ? ምን ተባባልን?» አልኳት።

«ታዲያ እንግዳ ገብቶ ገመናዬን ይይ?» አለችኝ።

ልቆጣት አስቤ ነበር። ነገር ግን እኔም በዚያች ሰዓት የተሰበረውን መስኮት በካላንደር እየሸፈንኩ ነበር።

የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ደሴ የሚባሉ ጎልማሳ ናቸው፤ የምትጽፈው ያችው የመዝገብ ቤቷ ልጅ ነች። አቶ ደሴ ገና ሳይቀመጡ እናትነሽን ትክ ብለው አዩና «አንቺ የመሪጌታ ልጅ አይደለሽም? የደብረ ኤልያሱ!» አሉ። የመንደሯ ሰው ሆነው አረፉት። የእናትነሽ ፊት ሲለወጥ አየሁ። በዚያው ሰሞን ታናሽ እህቷን ለልጃቸው የሚጠይቁ ሰዎች አባቷ ቤት ሽማግሌ ይልኩ ነበር፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ ጋብቻ ሲታሰብ ዘር ይቆጠራል፣ በዘሩ ውስጥ ምን በሽታ እንዳለም በጎን ይጠየቃል። አቶ ደሴ ቅዳሜ ገበያ ወርደው «የመሪጌታ የልጅ ልጅ ታስራ አየሁ» ካሉ፣ ሽማግሌዎቹ መንገዱ ይጠፋባቸዋል።

«እንደምን ከረማችሁ?» አሉ አቶ ደሴ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና።»

«ልጅቱሳ? እንደምን ናት?»

ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው። ጥያቄው የሰላምታ ይሁን የሥራ ገና አልለየሁም፤ አፌ ግን ቀድሞኝ ሄደ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናት» አልኩ። ጸሐፊዋ አቀርቅራ ጻፈች።

አሁንም ማረም ይቻል ነበር። እንግዳው ተቀምጦ፣ ቀምሶ፣ ጉሮሮ ተጠርጎ ሲያበቃ እናገራለሁ ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። እናትነሽ ጠላ ስትቀዳ ትርንጎ ከጥጓ ተነሥታ መጣች፤ የአቶ ደሴን ብርጭቆ እያየች «ውሃ» አለች። ጥርት አድርጋ። ያንን ቃል እንደዚያ ጥርት አድርጋ ብላው አታውቅም።

«ትናገራለች እኮ!» አሉ አቶ ደሴ።

ብልህ አባት ይህን ሲሰማ ዝም ይላል። እኔ ግን ደረቴ ተነፋ። ለዚያች ቃል ስንት ባሕር ዛፍ እንደወደቀ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ደግሞም ሰው ልጄን ሲያደንቅ የሰማሁት ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነው። «ሌላም ታውቃለች!» አልኩ። እናቷን አሳይቼ «ይህች ማን ናት?» ብላት «እማ» አለች። ውሃ በብርጭቆ ሰጥቼ ስትጠጣ ጠበቅኋት፤ «በቃ» አለች። ያለንን ሀብት ሁሉ አንድ ሳይቀር አወጣሁት። አቶ ደሴ አጨበጨቡ፤ «የመሪጌታ ዘር!» አሉ። ጸሐፊዋ ከቅጹ ላይ «እየሮጠች ትጠፋለች? አስራችኋት ታውቃላችሁ?» ብላ ስታነብ፣ እናትነሽ «በስመ አብ! ልጄን ለምን ብዬ?» አለች። እኔም ከግርጌው ፈረምኩ።

ዝርዝሩ ሲለጠፍ ትርንጎ ከማያስፈልጋቸው ውስጥ ነበረች። ትናገራለች፣ ትታዘዛለች፣ ይላል በስሟ ትይዩ። ወሽመጤ ተቆረጠ። አቶ ደሴ ቢሮ ሄጄ እውነቱን ሁሉ፣ መቀነቱን ጭምር ነገርኳቸው። ሰውየው ደነገጡ። «መምህር፣ ምን ላድርግህ? ደህና ናት ያልክ አንተ፣ የፈረምክ አንተ። አሁን ብሰርዘው ተነጋግረው ነው ይሉናል። ለከርሞ ድጋሚ ይታያል» አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እስከ ውጭው በር ሸኙኝ።

ከርሞ ሩቅ ነው። ኅዳር ላይ የሚሸጠው ነገር አለቀ። ሰናይት ሁለት ወር ያለ ክፍያ ያዘችልን፤ ግን እሷም ኪራይ አለባት፣ በዚያ ላይ አርግዛለች። መቀጠል እንደማትችል ስትነግረን አለቀሰች፤ ያጽናናኋት እኔ ነኝ። ከዚያ እኔና እናትነሽ ቤት ውስጥ ሞከርን። ብርጭቆ ማንሣት፣ መጠበቅ። ጥበቃው እንደዚያ የሚከብድ አልመሰለኝም ነበር፤ ስታለቅስ አንጀታችን አይችልም፣ ውሃውን እንሰጣታለን። መጀመሪያ «በቃ» ጠፋ። ፋሲካ ሲደርስ «ውሃ» ተከተለ። «እማ» እስከ መቼ እንደቆየ እናትነሽ ታውቃለች፤ እኔ ጠይቄያት አላውቅም።

መቀነቱም ወደ አልጋው እግር ተመለሰ፤ ልብስ በሚታጠብበት ሰዓት ብቻ መሆኑም ቀረ። ከትምህርት ቤት ስገባ እናትነሽ ከጓዳ ሆና «ፍታት» ትለኛለች፤ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ እፈታታለሁ። ተስፋ መቁረጥ ሲባል ለቅሶና ጩኸት ያለበት ይመስለኝ ነበር። እኛ ቤት ግን ራት በልተን፣ ሬዲዮ ሰምተን፣ ስለ ስኳር መወደድ አውርተን ነው የምንተኛው፤ ስለ ልጃችን አናወራም።

ኮሚቴው በዓመቱ ተመልሶ መጣ። አሁን ግን አልተሞኘንም። ወለሉ አልታጠበም፣ ካላንደሩ ከመስኮቱ ወርዷል። የእናትነሽ እህት ሠርግም አልፏል፤ የሚፈራ ነገር የለም። ትርንጎን ያን ዕለት ከማለዳ ጀምረን አሰርናት። ሮጣ እንዳትጠፋ አልነበረም፤ እኔም እናቷም አጠገቧ ነበርን። እንዲያዩልን ነው ያሰርናት። በሩ ሲንኳኳ እናትነሽ ልትከፍት ወጣች፤ እኔና ትርንጎ ብቻ ቀረን። ያኔ ቀና አለችና ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«ፍታት» አለች።

ማንም ያላስተማራት፣ አንድ ሳንቲም ያልከፈልንበት ቃል። ልክ እናቷ እንደምትለው አድርጋ። የአቶ ደሴ ድምፅ በረንዳው ላይ እየቀረበ ነው። ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? እጄን አፏ ላይ ጫንኩ። «እሽ፣ ዝም በይ የኔ እናት፣ ትንሽ ብቻ ዝም በይ» አልኳት። ዝም አለች።

አቶ ደሴ ገብተው መቀነቱን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ሰላምታውንም ረሱት። ጸሐፊዋ «አትናገርም» ብላ ጻፈች፤ ፈረምኩ። ድጋፉ ተፈቅዶልናል። ገንዘቡ ሐምሌ ላይ ይለቀቃል ተብለን እየጠበቅን ነው። ሰናይት ልጇን አዝላ መጥታ ትርንጎን አየቻት፤ «እኔ ጋ መምጣት ካቆመች ወዲህ አዲስ ያወጣችው ቃል አለ?» ብላ ጠየቀችን። እናትነሽ «ምንም» አለች። እኔ ጫማዬን አይ ነበር። ለእናንተ ያወራኋችሁ ስለማታውቋት ነው፤ ለእናቷ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።