የተራ ቁጥር አርባ አንድ ሳቅ

ከሁሉ አስቀድሞ ለዕቅድ ክብር ይሁን። ዕቅድ ባይኖር ኖሮ ፀሐይ በዘፈቀደ ትወጣ፣ ሰውም ማንንም ሳያስፈቅድ ይስቅ ነበር።

ይህን ታላቅ እውነት ለቤተሰቡ የገለጠው የሙሽራዋ አጎት፣ የእናቷ ወንድም ነው። ሠላሳ ዓመት በዕቅድና ክትትል መምሪያ አገልግሎ በጡረታ ከተሰናበተ ወዲህ፣ የሚያቅደው ነገር ቢያጣ የሚስቱን የድስት ክዳኖች ቁጥር የለጠፈባቸው ሰው ነው። የእህቱ ልጅ ልታገባ መሆኑን ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቤተሰቡ ደስታ መስሎት ሊያቅፈው ተነሣ።

«ፎቶውን ማን ያስተባብራል?» አለ እንባውን እየጠረገ።

በሳምንቱ «የሠርግ ዕለት የፎቶግራፍ አነሣሥ መሪ ዕቅድ» የተሰኘ ባለ አሥራ አንድ ገጽ ሰነድ ሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ዐረፈ። መቶ ስልሳ ሦስት ተራ ቁጥር ነበረው። ተራ ቁጥር ሰባት «ሙሽራዋ በመስኮት ስትመለከት፣ በሐሳብ»፤ ተራ ቁጥር ስምንት «ያው መስኮት፣ ያለ ሐሳብ»። ቀለበቱ ብቻውን ዘጠኝ ቁጥር ወሰደ። ሙሽራው ሦስት ደረሰው፤ ያውም «እንደ አስፈላጊነቱ» ተብሎ።

ሙሽራዋ ሰነዱን ከዳር እስከ ዳር ያነበበችው አንድ ነገር ፍለጋ ነው። አባቷ አውቶቡስ ነጂ ነው። ቤት ውስጥ ሲስቅ ጎረቤት ይሰማዋል፤ ካሜራ ሲያይ ግን ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣና፣ አንገቱ ይገተርና፣ ቁጭ መንጃ ፈቃዱ ላይ ያለውን ጉርድ ፎቶ ይመስላል። በልደቷም በምርቃቷም አጠገቧ የቆመው ያው መንጃ ፈቃድ ነው። ከአባቷ ቤት ስትወጣ ይዛው የምትሄደው አንድ የሚስቅ አባት ፈለገች። አንድ ብቻ።

«ጋሼ፣ እኔና አባዬ የት ነን?»

«አርባ አንድ።»

ገለጠችው። «አባትና ሙሽራ፤ ድንገተኛ ሳቅ፤ ከአራት ሰዓት ከአሥር እስከ አራት ሰዓት ከአሥራ ሦስት።»

«ድንገተኛ ሳቅ ሰዓት አለው እንዴ?»

«ሰዓት ከሌለው ድንገተኛ መሆኑ በምን ይታወቃል?» አላት በትዕግሥት።

እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚመልስ ሰው ገና ስላልተወለደ ሰነዱን ዘጋችው።

ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው የሙከራ ትግበራ ተካሄደ። ፎቶ አንሺው፣ ከአፉ ስንጥር የማይጠፋ ቃለ ቁጥብ ሰው፣ ካሜራውን ይዞ እንዲገኝ በደብዳቤ ታዘዘ። ሙሽራዋ በቤት ቀሚስና በነጠላ ጫማ ቀረበች። ሙሽራው ሥራ ስለነበረው በኮት መስቀያ ተወከለ። ኮት መስቀያውም ሳያጉረመርም፣ ሳይቁነጠነጥ ግዴታውን ተወጣ፤ አጎትየው «ሙሽራው ከዚህ ሊማር ይገባል» ሲል በቃለ ጉባኤ አስፍሮለታል።

አርባ አንድ ደረሰ። አባትየው ልጁን ተጠግቶ ቆመ።

«አሁን በድንገት ሳቅ» አለው አጎትየው ሰዓቱን እያየ።

«በምን?»

«በምንም። ድንገተኛ ነው እኮ።»

አባትየው ታገለ። ጥርሱ ወጣ፤ ፊቱ ግን አልተከተለውም። የታመመ ጥርሱን ለሐኪም የሚያሳይ መንጃ ፈቃድ ሆነ።

«ተወው አባዬ» አለች ልጁ እጁን ይዛ። መዳፉ በላብ ርሷል።

«ለሠርጉ እደርስበታለሁ ልጄ። ሳምንት አለኝ፤ እለማመዳለሁ።»

አጎትየው በየተራ ቁጥሩ ትይዩ «ተከናውኗል» ብሎ ጻፈና ሁሉንም አስፈረማቸው። አባትየውም ቃሉን አክብሮ ሳምንቱን ሙሉ በአውቶቡሱ መስታወት ሳቅ ሲለማመድ ሰነበተ። ሁለት ተሳፋሪዎች ከመውረጃቸው አንድ ፌርማታ ቀድመው ወርደዋል።

የሠርጉ ጧት አጎትየው ሰነዱን አወጣ፤ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠ፤ ቀጠለ፤ እስከ አሥራ አንደኛው ደረሰ። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ምን ሆንክ ጋሼ?» አለች ሙሽራዋ፣ ቬሏን እየሰካች።

«ሥራው አልቋል።»

«የቱ ሥራ?»

«ሁሉም። መቶ በመቶ።»

«እሱማ ልምምድ ነበር።»

«ፊርማ ልምምድ የለውም። እኔ በሠላሳ ዓመት አገልግሎቴ አንድ ጊዜ የተፈረመበትን ሥራ ሁለተኛ ሠርቼ አላውቅም።»

ይህ እውነት ነው። አንዳንድ ምላሰኞች አንደኛውንም ጊዜ ሠርቶት አያውቅም ይላሉ፤ ሰው መቼም የማይለው የለ።

«አርባ አንድስ? እኔና አባዬስ?»

«ፈርመሻል።»

እናቷን ብታይ እናቷ ጣራውን አየች፤ ወንድሟ ሲያቅድ አንድም ቀን አቋርጣው አታውቅም። ፎቶ አንሺው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ታዲያ እኔ ምን ላንሣልዎት ጋሼ?»

«ከዝርዝሩ ውጭ ያለውን ብቻ።»

ፎቶ አንሺው ስንጥሩን ከግራ ጉንጩ ወደ ቀኝ አዛወረ። ሰነዱን ተቀብሎ አሥራ አንዱንም ገጽ ቀስ ብሎ አነበበና መለሰለት።

«ገብቶኛል» አለ።

ሙሽራዋ እንባዋ ኩሏን እንዳያበላሸው ቀና ብላ ስትታገል፣ አባቷ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ ጠየቃት።

«እውነት የኔ አልቋል?»

«አልቋል አባዬ። ፈርመሃል።»

«ተመስገን» አለ፤ ትከሻውም ሁለት ጣት ያህል ወረደ። ከነሙሉ ልብሱ ትከሻው ወርዶ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር።

ከዚያ በኋላ አጎትየው የተከናወነ ሥራ በድጋሚ እንዳይፈጸም ዘብ ቆመ። ካሜራ ባነጣጠረበት ሁሉ እጁን ዘርግቶ ይደርሳል። ቀለበት ሲጠለቅ፣ «ሠላሳ ሁለት፣ ተከናውኗል!» አበባ ሲሰጥ፣ «ሃምሳ፣ ተከናውኗል!» ኬክ ሲቆረስ በቢላዋውና በካሜራው መካከል ገባ፤ እጁን ሲዘረጋም መሪ ዕቅዱ እስከ ስድስተኛው ገጽ ክሬም ውስጥ ሰጠመ። እሱ ግን ዓይኑን ከካሜራው አልነቀለም።

አባትየው ልጁን በክርኑ ነካ አደረጋት።

«እይ፣ እይማ» አላት በጆሮዋ፣ «ይኼኛው አልተፈረመበትም።»

ከዚህ በላይ ማለት አልቻለም። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ እስኪያየው ሳቀ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አልበሙ ወጣ። አጎትየው አፈጻጸሙን ሊገመግም መነጽሩን አድርጎ ሙሽሮቹ ቤት መጣ። አባትየውም ነበር። ፎቶ አንሺው ትእዛዙን እንደ ወረደ ፈጽሟል። በመሪ ዕቅዱ አሥራ አንድ ገጾች ሙሽራዋ አለች፣ ወላጆች አሉ፣ ቀለበቱ አለ፣ ኮት መስቀያው ሳይቀር በአባሪ ተካቷል። በዝርዝሩ ያልተጻፈ አንድ ሰው ቢኖር ዝርዝሩን የጻፈው ነው።

ስለዚህም አልበሙን የሞላው አጎትየው ነው። አጎትየው በጎን፣ አጎትየው በሩጫ ላይ፣ አጎትየው ጣቱን ቀስሮ፣ ሁለት መቶ አርባ ጊዜ። ሙሽራው በአራት ፎቶ ላይ ይታያል፤ በአራቱም ጆሮው ብቻ። ከኮት መስቀያው በክብር ማነሱን በጸጋ ተቀብሎታል።

«ይኼ ልጅ ሙያውን ያውቃል» እያለ አጎትየው ገጽ በገጽ አደነቀ። ከዚያ ቀና ሲል ሙሽራዋ የበር ያህል አስተልቃ ግድግዳው ላይ የሰቀለችውን ፎቶ አየ። ከፊት እሱ ራሱ፣ እንደ ትራፊክ ፖሊስ እጁን ዘርግቶ፣ ሰነዱን ክሬም ውስጥ ነክሮ። ከግራ ጆሮው ኋላ አባቷ፣ አፉ ተከፍቶ፣ ዓይኑ ተጨፍኖ፣ ትከሻው ወርዶ፤ እሷም ግንባሯን አንገቱ ሥር ቀብራ።

አጎትየው መነጽሩን ከፍ ዝቅ እያደረገ ረጅም ጊዜ ተመለከተ። ሙሽራዋ ይቀየመኛል ብላ ሰጋች። አባቷ ቀስ ብሎ ወደ በሩ አፈገፈገ።

«ጥሩ ነው» አለ በመጨረሻ። «እኔ በደንብ ወጥቻለሁ። እነዚህ ከኋላ ያሉት ባይስቁበት ኖሮማ እንከን አይወጣለትም ነበር።»