የወንድሜ ችሎት በሚኒባስ

ሚኒባስ ውስጥ ሕገ መንግሥት የሚተረጉም ሰው ገጥሟችሁ አያውቅም? እኔ ከአንዱ ጋር ነው ያደግሁት፤ ታላቅ ወንድሜ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ እስክንወርድ የሦስት ዳኞችን ፍርድ ይሽራል።

ባለፈው፣ በሬዲዮ የሰማውን የውርስ ክርክር አንሥቶ፣ «ፍርድ ቤቱ ሴቷ ከወንድሟ እኩል ትውረስ ማለቱ ልክ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ነዋ» ብሎ ተሳፋሪውን አስጨበጨበ።

እኔ ዓይናፋሯ፣ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩት፣ ከኋላ ወንበር ድምፄ ወጣ።

«ወንድም ጋሼ፣ ቦሩ ሜዳ ያለው፣ ብቻህን የያዝከው የአባታችን መሬትስ?»

«እሱ የቤት ጉዳይ ነው» አለ፣ ሳይዞር።

ከጎኑ የተቀመጡ አንዲት የማናውቃቸው እናት፣ «ልጄ፣ እህትህ ስትጠይቅ ሕጉ ተለወጠ እንዴ?» አሉት። ሹፌሩ ሙዚቃውን ቀነሰ፤ ሁሉም ፍርዱን ጠበቀ።

የሐረጎን ቁልቁለት ሳንጨርስ፣ «ግማሹ የእሷ ነው» ብሎ ፈረደ። መኪና ሙሉ ምስክር እያለ ወዴት ይግባኝ ይላል? ዛሬ የመሬቱ ደብተር ላይ ስሜ ከስሙ እኩል ተጽፏል።