የጋሽ ኤርካሎ ሁለት ደቂቃ

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ቤተ ክርስቲያን ካለ፣ ገና መሠረቱ አልተጣለም ማለት ነው። «ምስክርነት ያለው» ሲባል መጀመሪያ የሚነሳ፣ ከተነሳ ደግሞ የማይቀመጥ ሰው ማለቴ ነው። ከሶዶ ወጣ ብላ ላለችው አጥቢያችን የተሰጡት ክቡር ጋሽ ኤርካሎ ናቸው። እኔ የእሑድ ፕሮግራም መሪ ስለሆንኩ ማይኩን የመስጠትም የመቀበልም ኃላፊነት የእኔ ነው። መስጠቱስ ቀላል ነበር።

«ሁለት ደቂቃ ብቻ፣ ጋሼ» እላቸዋለሁ።

«እሱም አይሞላም» ይሉኛል። ከዚያ ከዓለም ፍጥረት ይጀምራሉ።

አንድ ጊዜ ከበዴሳ ሲመለሱ የሚኒባሱ ጎማ ፈነዳ። ይህን ለመመስከር ሾፌሩ የማን ልጅ እንደሆነ፣ አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት ስንት ዶሮ እንደያዘች፣ ዶሮዎቹም ምን መልክ እንደነበራቸው ነገሩን። ጎማው የፈነዳው በሃያኛው ደቂቃ ላይ ነው። «ዶሮ እንኳ አልሞተም፤ ጾሳይ ጋላተቶ!» አሉ፣ በወላይትኛ እግዚአብሔር ይመስገን ማለታቸው ነው። ጉባኤው በእፎይታ አሜን አለ።

በሌላ እሑድ ጠፍቶ ስለተገኘ መጥረቢያ ሰማን። ኪቦርድ የምትጫወተው ሜላት ቀስ አድርጋ ዜማ ማስነካት ጀመረች፤ ሰውን ለማስቀመጥ የተፈተነ ዘዴ ነው። እሳቸው ግን «ተባረኪ ልጄ፣ አጅቢኝ» ብለው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ኃጢአቴን ልናዘዝና፣ ማይኩ እንዲበላሽ የጸለይኩበት ጊዜ አለ።

ዘንድሮ ጓሯቸውን አጠውልግ ገባበት። የእንሰት በሽታ ነው፤ ቅጠሉ ይደርቃል፣ ግንዱ ይበሰብሳል። የጋሽ ኤርካሎ ጎተራ እንሰቱ ነበር፤ ስድስት ነፍስ የሚያድረው በእሱ ነው። የግብርና ባለሙያው መጥቶ «የታመመውን ነቅላችሁ ቅበሩ» አላቸው። ያልታመመ አልነበረም። ዓርብ ዕለት እሳቸውና ባለቤታቸው አሳየሽ የመጨረሻውን ነቅለው ቀበሩ።

እሑድ «ምስክርነት ያለው?» ብዬ ጠየቅሁ። ማንም አልተነሳም። ሁሉም የሚያየው እሳቸውን ነው። እግዜር ያውቃል፣ ፈራሁ። ስለ መጥረቢያ ያመሰገነ ሰው ዛሬ አፉ ከተዘጋ፣ እኛ በምን አፋችን ነው የምንዘምረው?

ጋሽ ኤርካሎ ተነሱ። ስለ ሁለት ደቂቃ ሳላነሳ ማይኩን ሰጠኋቸው።

«እስከ ዛሬ ስላገኘሁት ነገር ስናገር ኖርኩ» አሉ። «ዓርብ ጓሮዬ ባዶ ሆነ። አፈሩ ላይ ተቀመጥኩና፣ ጌታ ሆይ፣ አሁን ምን ብዬ ላመስግንህ አልኩት። ለካስ እሱ እዚያው ነበር። እንሰቱ ሄደ፣ እሱ አልሄደም። ከአሳየሽ ጋር ጭቃው ላይ ተንበርክከን አመለክነው። እንዲህ ታላቅ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሌላ የምለው የለኝም።»

አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። አሜን በማለት ፈንታ ከኋላ ያሉት እናቶች አንድ በአንድ ተንበረከኩ፤ ከዚያ ወንዶቹ። ክብሩ ቤቱን ሞላው እያልን ስንት ዓመት ዘምረናል፤ እኔ ግን ያን ቀን ገና ማየቴ ነው። በእጃችን ስላለው ነገር ሳይሆን፣ ስለ ራሱ ብቻ የሚሰገድለት አምላክ መካከላችን ነበረ።

«ጋሼ፣ እባክዎን ይቀጥሉ» አልኳቸው። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ልመና ከአፌ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

«ጨርሻለሁ፣ ልጄ። ሌላ ሰው ይመስክር» አሉና ማይኩን እጄ ላይ አስቀመጡት።

ማይኩን ይዞ የመሰከረው ሌላው ሰው እኔ ሆንኩ። በዚያ እሑድ ስብከት ሳይደርሰን ተበተንን፤ ለምን ብሎ የጠየቀኝም የለም።